ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን፦ አዲስ ስፖርት መኪና አዝዞ የመጠበቅ መመሪያ

ገንዘቡን ያዘጋጀ ሰው የፖርሼ መሸጫ ይገባል። «911 ጂቲ3 አርኤስ እፈልጋለሁ» ይላል። ሻጩ በፈገግታ ተቀብሎ ስሙንና ስልኩን ይመዘግባል። ሰውየው «ወረፋ ያዝኩ» ብሎ ደስ እያለው ይወጣል። ዓመት ቆይቶ ሲደውል «ትንሽ ይታገሱን» ይባላል። ከእሱ ስድስት ወር ዘግይቶ የተመዘገበ ሌላ ሰው ግን መኪናውን ተረክቦ እየነዳ ነው።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም። ሰውየው የተሸወደው በራሱ ግምት ነው። ባንክ ቤት ቁጥር ይዛችሁ ስትቀመጡ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል። የቅንጡ ስፖርት መኪና ዝርዝር ግን እንደዚያ አይሠራም። ስማችሁ 3ኛ ላይ ተጽፎ 40ኛው ሰው ሊቀድማችሁ ይችላል። ዝርዝሩ ወረፋ ሳይሆን የዕጩዎች መዝገብ ነው። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚነሳ ነው።

(ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ የምትጠብቁት የትኛውን ዓይነት ጥበቃ እንደሆነ ለዩ

ሦስት ዓይነት ጥበቃ አለ።

አንዱ ተራ የምርት ጥበቃ ነው። መደበኛውን 911 ካሬራ ስታዝዙ ተራችሁ ሲደርስ ፋብሪካው ይሠራዋል። ወራት ይፈጃል፣ ግን ይመጣል። እዚህ ላይ ወረፋው እውነትም ወረፋ ነው።

ሌላው የኮታ ጥበቃ ነው። ጂቲ3ና ጂቲ3 አርኤስ (ለውድድር ሜዳ የተሳሉ የ911 ዓይነቶች)፣ የሸቭሮሌ ኮርቬት ዜድ06 የመሳሰሉት እዚህ ይመደባሉ። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ አከፋፋይ የተወሰነ ቁጥር ይሰጣል። ለየትኛው ደንበኛ እንደሚደርስ የሚወስነው በአብዛኛው አከፋፋዩ ነው። ይህን መመሪያ በዋናነት የጻፍኩት ለዚህኛው ነው፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ።

ሦስተኛው በግብዣ የሚሸጠው ነው። ፌራሪ በ2024 ኤፍ80ን ይፋ ሲያደርግ 799 ብቻ እንደሚሠራ ተናገረ። ዋጋው 3.6 ሚሊዮን ዩሮ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ማን እንደሚገዛ የሚመርጠው ራሱ ፋብሪካው ነው። ገንዘብ ብቻውን አይበቃም። በ2016 ክፍት ጣሪያ ያለው ላፌራሪ አፔርታ ሲመጣ፣ በርካታ ፌራሪ የነበሩት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ለኩባንያው አለቃ የ1 ሚሊዮን ዶላር ቼክ ላኩ። ቼኩ ተመለሰላቸው። ሰውየው ተናደው ፍርድ ቤት ሄዱ። የምትመኙት በግብዣ የሚሸጥ መኪና ከሆነና ግብዣ ካልደረሳችሁ፣ መካከሉን ትታችሁ ወደ ደረጃ 7 እለፉ።

«ታዲያ ፈላጊ ካለ ለምን አብዝተው አይሠሩም?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ለፌራሪ መሥራች ለኤንዞ ፌራሪ የሚሰጥ አንድ አባባል አለ፦ ገበያው ከሚፈልገው ሁልጊዜ በአንድ መኪና ያነሰ ሥራ። ኩባንያው ይህን የምሩን ይዞታል። በ2013 ሆን ብሎ ምርቱን ቀንሶ 6,922 መኪና ብቻ አስረከበ። አድጎም በ2024 ያስረከበው 13,752 ነው። ቶዮታ በዓመት ወደ 10 ሚሊዮን መኪና ይሸጣል። ስናካፍለው የፌራሪ የዓመት ምርት ለቶዮታ የግማሽ ቀን ሥራ ነው ማለት ነው። ላምቦርጊኒ ደግሞ በዓመት ከ10,000 በላይ መኪና ያስረከበው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2023 ነው።

ስለዚህ ጥበቃው ፋብሪካ ስላነሰ ብቻ የመጣ አይደለም። የታሰበበት ነው። ፌራሪ ፑሮሳንግዌ የተባለውን ባለ አራት በር መኪና በ2022 ሲያወጣ፣ ከዓመቱ ምርት ከ20 በመቶ እንዳያልፍ ራሱ ላይ ገደብ አስቀመጠ። ፈላጊው ሲበዛ ገደቡን ከማንሳት ይልቅ ትዕዛዝ መቀበሉን ለጊዜው አቆመ። የእንግሊዙ ሞርጋን ደግሞ በየዋህነቱ ይለያል። የመኪናው አካል የሚቆመው በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ነው፤ በእጅ ይሠራል። ወረፋው ለዓመታት የሚዘልቅበት ዘመን ነበር። በ1990 አንድ ታዋቂ የኢንዱስትሪ ሰው፣ ሰር ጆን ሃርቪ ጆንስ፣ «ዋጋ ጨምሩ፣ ምርት አብዙ፣ ወረፋውን አሳጥሩ» ብለው መከሯቸው። ሞርጋኖች ምክሩን አልተቀበሉም። ወረፋ ማለት ነገም ሥራ አለ ማለት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቶሎ አይለቀውም።

ደረጃ 2፦ ሁለተኛ ምርጫ ይኑራችሁ

አጭር ነው። የምትፈልጉትን መኪና ጻፉ። ከሥሩ፣ እሱ ባይገኝ በደስታ የምትነዱትን ሌላ ጻፉ። ሁለተኛው ያለ ኮታ ግርግር የሚገኝ ይሁን። ጂቲ3 ላይ ዓይናቸው ያረፈ ብዙ ሰዎች ካሬራ ጂቲኤስ ቢነዱ ልዩነቱ የሚገባቸው የውድድር ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ይህ የኔ አስተያየት ነው፤ የሚናደድብኝ እንዳለ አውቃለሁ። ሁለተኛ ምርጫ ያለው ሰው ግን አከፋፋዩ ፊት ሲቀመጥ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ደረጃ 3፦ አከፋፋዩን መርምሩ

ሰው ስለ ሞተሩ ሁሉን ነገር አጥንቶ ይመጣል። ስለሚሸጥለት ድርጅት ግን ምንም አይጠይቅም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እነዚህን አራት ነገሮች ሳትሽኮረመሙ ጠይቁ።

ባለፈው ዓመት የዚህ ሞዴል ስንት ኮታ ደረሳችሁ? ከእኔ በፊት ቀብድ ከፍሎ የሚጠብቅ ስንት ሰው አለ? የምትሰጡት በምዝገባ ቀን ነው ወይስ በደንበኝነት? የምትሸጡት በፋብሪካው ዋጋ ነው ወይስ ከላዩ ትጨምራላችሁ?

መልሱን ስትሰሙ ቀላል ሒሳብ ሥሩ። አከፋፋዩ በዓመት 4 መኪና የሚደርሰው ከሆነና ከፊታችሁ 30 ሰው ካለ፣ በተራ ቢሄድ እንኳ ከሰባት ዓመት በላይ ነው። የሞዴሉ ዕድሜ ግን ያን ያህል አይረዝምም። ለምሳሌ 992 በሚባለው ትውልድ የመጀመሪያው ጂቲ3 በ2021 ወጣ፤ የታደሰው በ2024 መጨረሻ ላይ ይፋ ሆነ። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ «ዝርዝር ውስጥ ነዎት» የሚለው መልስ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። መኪናው ከምርት ሲወጣ ዝርዝሩ አብሮ ይሞታል። አንዳንዱ አከፋፋይ ስማችሁን ወደ ቀጣዩ ሞዴል ያሸጋግራል፤ አንዳንዱ አያሸጋግርም። ይህንንም ጠይቁ።

ትልቅ አከፋፋይ ብዙ ኮታ ያገኛል፤ የድሮ ደንበኛውም ብዙ ነው። ትንሹ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቢደርሰው ነው፤ ግን ፈላጊው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ጎብኙ። ከአንድ በላይ ቦታ መመዝገብ ነውር የለውም። አትዋሹ እንጂ። ሻጮች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። «የናንተ ብቻ ደንበኛ ነኝ» ብላችሁ ሦስት ቦታ ከተገኛችሁ፣ ሦስቱም ጋር ታሪካችሁ እዚያ ላይ ያበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሰው ልብ አይለውም። ብዙ ጊዜ ስማችሁ ያለው ድርጅቱ ዘንድ ሳይሆን የአንዱ ሻጭ ማስታወሻ ላይ ነው። ሻጩ ሥራ ሲለቅ እናንተም አብራችሁ ትጠፋላችሁ። ስለዚህ ከተነጋገራችሁ በኋላ አጭር ኢሜይል ላኩ፤ ኃላፊውንም ግልባጭ አድርጉ። የፈለጋችሁት ሞዴል፣ የተመዘገባችሁበት ቀንና የተባላችሁት ነገር ይስፈርበት።

ደረጃ 4፦ ከስም ወደ ደንበኛ

አከፋፋዩ ኮታውን ሲያከፋፍል ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ ግልጽ ነው። ይህ ሰው ነገም ይመለሳል ወይ? መኪናውን ይነዳዋል ወይስ በሳምንቱ አትርፎ ይሸጠዋል? መኪና ከዚህ በፊት የገዛ፣ ሰርቪሱን እዚያው የሚያስደርግ፣ የድሮ መኪናውን ለእነሱ የሚሸጥ ሰው ይቀድማል። አዲስ የሆነ ሰው የሚጀምርበት ጥሩ በር በአምራቹ ዋስትና የሚሸጥ ያገለገለ መኪና ነው። ዋጋው ይቀላል፣ በደንበኝነትም ይቆጠራል።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። «መጀመሪያ ይህችን ግዙ፣ ከዚያ ስለ እሷ እናወራለን» ይባላል። የማትፈልጉትን መኪና ትገዛላችሁ። በዓመቱ ስትሸጡት የ30,000 ዶላር ኪሳራ ደረሰባችሁ እንበል። ያ ኪሳራ የምትፈልጉት መኪና ዋጋ አካል ነው። ወዲያውኑ 30,000 ዶላር ጨምሮ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ያውም አንደኛው ዓመት ያስጠብቃል። «በፋብሪካ ዋጋ ገዛሁ» የሚሉ ሰዎች ይህን ወጪ ሲደምሩት ብዙም አይሰማም።

ደግሞ በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ። ሻጩ ፊት «ይሄ እኮ ሲወጣ እጥፍ ያወጣል» ብላችሁ አትሳቁ። ያቺ ቀልድ መዝገብ ላይ ትወርዳለች።

ደረጃ 5፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ይህ ክፍል ረዘም ይላል። ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው።

ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ። ጃጓር በ1988 የበርሚንግሃም አውቶ ትርኢት ላይ ኤክስጄ220 የተባለ መኪና አሳየ። ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ነበረው፤ አራቱም ጎማ ይነዳ ነበር። ሕዝቡ አበደ። ኩባንያው 350 እሠራለሁ ብሎ 50,000 ፓውንድ ቀብድ ጠየቀ፤ ፈላጊው ከቁጥሩ በብዙ አለፈ። መኪናው ሲመጣ ግን ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር ከሁለት ተርቦ ጋር ሆኗል። የሚነዳውም የኋላ ጎማ ብቻ ነው። ዋጋው በጣም ጨምሯል። በዚያ ላይ የዓለም ኢኮኖሚ ተቀዛቅዟል። ከውሉ ለመውጣት የፈለጉ ደንበኞችና ኩባንያው ተካሰሱ። በመጨረሻ የተሠራው 300 እንኳ አልሞላም።

ሁለተኛው ቅርብ ነው። ቴስላ አዲሱን ሮድስተር ያሳየው በኅዳር 2017 ነው። በ2020 ይመጣል ተባለ። ማስያዣው 50,000 ዶላር ነበር፤ ለመጀመሪያዎቹ ልዩ መኪኖች ደግሞ ሙሉው 250,000 ዶላር። 2020 አለፈ፣ 2021 አለፈ፣ መኪናው ግን አልመጣም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ጃጓር የተሳሳተ ኩባንያ ነው፣ ቴስላም አታላይ ነው እያልኩ አይደለም። ገና ያልተሠራ መኪና ላይ የሚከፈል ቀብድ ያለ ወለድ የሚሰጥ ብድር ነው ለማለት ነው። አበዳሪው እናንተ ናችሁ። አበዳሪ ደግሞ ውል ያነባል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል። ውሉ ውስጥ እነዚህን ፈልጉ፦

– ቀብዱ ይመለሳል ወይ? የሚመለስ ከሆነ እስከ መቼ? ብዙ ጊዜ የመኪናው ዝርዝር ፋብሪካ ላይ እስኪቆለፍ ድረስ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ አይመለስም። ቀኑ በግልጽ ይጻፍ። «በተመጣጣኝ ጊዜ» የሚል ቃል ካያችሁ በቁጥር ይቀየር።

– ዋጋው የውሉ ቀን ዋጋ ነው ወይስ የርክክቡ? በ2025 አሜሪካ በውጭ መኪኖች ላይ ታሪፍ ስትጥል፣ ፌራሪ እዚያ በሚሸጣቸው አንዳንድ ሞዴሎች ላይ እስከ 10 በመቶ ጭማሪ እንደሚያደርግ አሳወቀ። መኪናው 400,000 ዶላር ቢሆን ጭማሪው 40,000 ዶላር ይደርሳል። ወረፋው በረዘመ ቁጥር እንዲህ ያለ ነገር የመምጣቱ ዕድል ይሰፋል።

– ገንዘቡን የሚይዘው ማነው? ፋብሪካው ወይስ አከፋፋዩ? አከፋፋዩ ከሆነ ገንዘቡ በተለየ ሒሳብ ይቀመጣል ወይስ ከድርጅቱ ገንዘብ ጋር ይቀላቀላል? አከፋፋዩ ቢከስር የተቀላቀለው ገንዘብ ከሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ወረፋ ይይዛል። ሌላ ወረፋ!

– መኪናው ከተነገረው ቢለወጥ ምን መብት አላችሁ? ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ጉልበት። የጃጓሩን ሰዎች አስታውሱ።

– መኪናው እስከ መቼ ካልመጣ ነው ያለ ቅጣት የምትወጡት? ይህ አንቀጽ አብዛኛው ውል ላይ የለም። ጠይቃችሁ አስገቡ። እምቢ ካሉም መልሳቸው ራሱ አንድ ነገር ይነግራችኋል።

ውሉ ትልቅ ገንዘብ የያዘ ከሆነ ጠበቃ ያንብበው። የአንድ ሰዓት የጠበቃ ክፍያ የአንድ ቸርኬ ዋጋ አይሆንም። እኔ ብሆን የማይመለስ ቀብድ የምከፍለው የምርት ቀን ለተቆረጠለት መኪና ብቻ ነው። ለተስፋ አልከፍልም።

እየጠበቃችሁ የአሁኑን መኪናችሁን አትሽጡ። ባንክ ብድር ቢፈቅድላችሁም ፈቃዱ ጊዜ አለው፤ መኪናው ሲመጣ ወለዱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 6፦ ስልኩ ሲደወል

ጥሪው የሚመጣው ድንገት ነው። «ኮታ ደርሶናል፣ ዝርዝሩን በዚህ ሳምንት ያስገቡ» ይባላል። ወራት የጠበቀ ሰው በሁለት ቀን ቀለም መምረጥ ሲያቅተው አይገርምም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን፣ አምራቾች በድረ ገጻቸው ላይ መኪና አዋቅሮ ማየት የሚያስችል መሣሪያ አላቸው። አስቀድማችሁ አዋቅራችሁ አስቀምጡት።

በምርጫ ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ በኋላ ሊገጠም የማይችለውን አስቀድሙ። የካርቦን ሴራሚክ ፍሬን፣ የውድድር ወንበር፣ ጉብታ ላይ አፍንጫውን ከፍ የሚያደርገው መሣሪያ ኋላ ልግጠም ቢሉ ወይ አይቻልም ወይ ኪስ ያራቁታል። አፍንጫ ማንሻውን በተለይ አትዝለሉት። ዝቅ ያለ መኪና የነዳ ሰው ለምን እንደምል ያውቃል። የወለል ምንጣፍና የቁልፍ መያዣ ግን መቼም ይገኛል።

ልዩ ቀለም የሚያምር ነገር ነው፤ ጊዜም ይበላል። ፖርሼ ከመደበኛው ዝርዝር ውጭ የሆነ ቀለም የሚቀባው በተለየ ኮታ ነው። መኪናውን አግኝታችሁ የቀለሙን ኮታ ልታጡ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ «ያለ ቀለሙ ልውሰድ ወይስ ልጠብቅ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እኔ ውሰዱ ባይ ነኝ።

ዝርዝሩ ሲቆለፍ የትዕዛዝ ቁጥር ይሰጣችኋል። ሲሠራ ደግሞ ሻንሲ ቁጥር ይኖረዋል። ሁለቱንም ያዙ። ሻንሲ ቁጥር የሌለው መኪና ገና ወረቀት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በሻጩ ጥፋት አይደለም። በ2021 የመኪና ኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ጠፋ። በ2022 በዩክሬን ጦርነት የተነሳ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል የሚሠሩ ፋብሪካዎች ተስተጓጎሉ፤ ፖርሼን ጨምሮ የአውሮፓ አምራቾች ቆሙ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ፌሊሲቲ ኤስ የተባለችው መርከብ ወደ 4,000 የሚጠጉ መኪኖች እንደጫነች አትላንቲክ ላይ ተቃጠለች፤ ቆይታም ሰጠመች። ፖርሼ፣ ቤንትሊ፣ ላምቦርጊኒ ሁሉ ነበረባት። ላምቦርጊኒ መኪናቸው ለጠፋባቸው ደንበኞች ሲል የአቬንታዶርን ምርት እንደገና ማስነሳት ግድ ሆነበት። በ2019ም ግራንዴ አሜሪካ የተባለች መርከብ አራት 911 ጂቲ2 አርኤስ ይዛ ፈረንሳይ አጠገብ ሰጥማለች። የመኪናው ምርት አብቅቶ ነበር፤ ፖርሼ ለአራቱ ሰዎች ሲል መልሶ ከፈተው።

አንዳንዱ መዘግየት ደግሞ ከመኪናው ከራሱ ይመጣል። መርሴዲስ ኤኤምጂ ዋንን በ2017 አሳይቶ 275ቱንም ሸጠ። ሞተሩ ከፎርሙላ 1 የመጣ ነው። የውድድሩ ሞተር መኪናው ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ እንኳ በደቂቃ 5,000 ዙር ይዞራል። መንገድ ላይ ለሚነዳ መኪና ያንን ወደ 1,200 ማውረድና የጭስ ሕጉንም ማሟላት ነበረባቸው። ደንበኞች መረከብ የጀመሩት በ2023 ነው። እንዲህ ያለ አዲስ ነገር ስታዝዙ ሻጩ የሚነግራችሁን የጥበቃ ጊዜ እጥፍ አድርጋችሁ ያዙት።

በዚህ ጊዜ የናንተ ሥራ በወር አንዴ በጨዋነት መጠየቅ ነው። በየሳምንቱ የሚደውል ሰው አይቀድምም፤ ይሰለቻል እንጂ።

ደረጃ 7፦ አቋራጮቹ

ከሁሉ የሚሻለው አቋራጭ ነጻ ነው። ሌላ ሰው የተወውን ትዕዛዝ መውሰድ። ሰዎች ይፈታሉ፣ ይከስራሉ፣ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። መኪናው ግን ፋብሪካ ውስጥ በሰውየው ምርጫ ተቆልፏል። አከፋፋዩ ያን ጊዜ የሚፈልገው ቶሎ «እሺ» የሚል ሰው ነው። «ቀለምና ወንበር ግድ የለኝም፣ የተተወ ካለ ለኔ ደውሉ» የሚል ኢሜይል አሁኑኑ ላኩ። የማትደራደሩባቸውን ሁለት ነገሮች ብቻ ጻፉ፤ ለምሳሌ ማኑዋል ማርሽ መሆኑን።

ሁለተኛው አቋራጭ ጭማሪ ከፍሎ ጥቂት የተነዳ መኪና መግዛት ነው። ይህ ስሌት ነው። ጭማሪውን ለስንት ዓመት ጥበቃ እንደምትከፍሉ አካፍሉት። ዓመቱ ለናንተ ያን ያህል የሚያወጣ ከሆነ ክፈሉ፤ ማንም አይፈርድባችሁም። ጭማሪውን «ኋላ ስሸጥ አገኘዋለሁ» ብላችሁ ግን አትክፈሉ። በ2016 ፖርሼ 911 አርን አወጣ። 991 ብቻ፣ ማኑዋል ማርሽ፣ በአሜሪካ 185,000 ዶላር አካባቢ። ብዙም ሳይቆይ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠየቅበት ጀመር። በቀጣዩ ዓመት ፖርሼ በቁጥር ያልተገደበ ጂቲ3 በማኑዋል አወጣ፣ ቱሪንግ የሚባለውንም ጨመረ። የ911 አር ዋጋ ወረደ። ቀደም ብሎም በ1980ዎቹ መጨረሻ ፌራሪ ኤፍ40 ከፋብሪካ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይሸጥ ነበር። መጀመሪያ 400 ገደማ ይሠራል የተባለው ከ1,300 አለፈ፤ 1990ዎቹ ሲገቡ ገበያው ተሰበረ። «የተወሰነ ቁጥር» ሲባል የሚወስነው ሻጩ መሆኑን አትርሱ።

በማስታወቂያ «ቦታዬን እሸጣለሁ» የሚል ካያችሁ ሽሹ። የትዕዛዝ ቦታ በውሉ ለሌላ እንዳይተላለፍ ብዙ ጊዜ የተከለከለ ነው። ገንዘቡን ከፍላችሁ መኪናው በሌላ ሰው ስም ይወጣል።

ደረጃ 8፦ የመሸጥ ገደቡን አንብቡ

ፎርድ በ2016 አዲሱን ጂቲ ለመግዛት ማመልከቻ አስሞላ። ለ500 መኪና 6,506 ሰው አመለከተ። ለተመረጡት የቀረበው ውል ለሁለት ዓመት አትሸጡም ይላል። ተዋናዩና የትግል ስፖርተኛው ጆን ሲና ተመርጦ ገዛ፣ ከዚያ ቶሎ ሸጠው። ፎርድ በ2017 ከሰሰው። በ2018 ተስማሙ፤ ሲና ይቅርታ ጠየቀ፣ ገንዘቡም ለበጎ አድራጎት ዋለ።

ሌሎችም የየራሳቸው ዘዴ አላቸው። ፖርሼ በ2023 ያወጣውን 911 ኤስ/ቲ በአሜሪካ የመጀመሪያውን ዓመት በሊዝ ብቻ ሰጠ። በሊዝ ያለ መኪና የናንተ አይደለም፤ ልትሸጡትም አትችሉም። ሌክሰስ ለ500ው ኤልኤፍኤ ተመሳሳይ ነገር አድርጎ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ በ2022 ኮርቬት ዜድ06ን በዓመት ውስጥ የሸጠ ሰው ወደፊት ተፈላጊ መኪኖቹን እንዳያዝዝ እከለክላለሁ፣ ዋስትናውም ሙሉ በሙሉ ለገዢው አይተላለፍም አለ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እዩ። ገደቡ ስንት ወር ነው? ብትቸገሩስ ማንን ታስፈቅዳላችሁ? ሥራ ማጣት፣ ሕመም፣ አገር መቀየር ያጋጥማል። አብዛኛው ውል ለአከፋፋዩ መልሳችሁ እንድትሸጡለት ይጠይቃል። ዋጋው በምን እንደሚሰላ ካልተጻፈ በጠባብ በር ትወጣላችሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ውሉ ብቻ አይደለም። ጥቁር መዝገብ አለ፤ በወረቀት ባይታይም አለ። ቶሎ የሸጠ ሰው ቀጣዩ ኮታ ሲከፋፈል ስሙ አይነሳም።

ደረጃ 9፦ ርክክብ

ቀሪውን ገንዘብ የምትከፍሉት መኪናውን በቀን ብርሃን ካያችሁ በኋላ ይሁን። ታጥቦና ደርቆ ይቅረብ፤ እርጥብ ቀለም ጭረት ይደብቃል። ሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ያዘዛችሁትን ዝርዝር ይዛችሁ አንድ በአንድ እያያችሁ ምልክት አድርጉ። የጠፋ ነገር ከክፍያ በኋላ ቢገኝ መልሱ «እናያለን» ነው። የጎማውን የምርት ሳምንት ጎኑ ላይ አንብቡ፤ መኪናው ወደብ ላይ ብዙ ከርሞ ሊሆን ይችላል። በ2024 መጀመሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ፖርሼ፣ ቤንትሊና አውዲ በአንድ ዕቃ ምክንያት አሜሪካ ወደብ ላይ ታግደው ነበር። ቸርኬዎቹን፣ የፊት ከንፈሩን ከሥሩ፣ የወንበሩን ስፌት እዩ። ኢንሹራንሱ ከቁልፉ ቀድሞ ይጀምር።

የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች መመሪያው መጽሐፍ በሚለው ልክ ንዱ። አዲስ ሞተር ገና ሳይፈታታ ከፍተኛ ዙር አይወድም። ፍሬኑም፣ ጎማውም መለማመድ ይፈልጋሉ።

ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ቀርቷል። ሻጩ ፎቶ እያነሳላችሁ ደስ ባለው በዚያች ደቂቃ የሚቀጥለውን መኪና ንገሩት። «የሚቀጥለው አርኤስ ሲመጣ እፈልጋለሁ» በሉ፤ ማታ በኢሜይል ድገሙት። አሁን ስማችሁ መዝገቡ ላይ የሚቀመጠው ከሌላ ቦታ ነው።